ሰውየው ስንት ቁመት አለው?

እ... ዛሬ የኪራዩን ጉዳይ ነበር ላወራችሁ ያሰብኩት። እሱ ይቆየን። ኩያ የምለው ፊሊፒናዊ፣ በነሱ ቋንቋ «ታላቅ ወንድም» ማለት ነው፣ ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ቪዲዮውን አይታችሁታል፤ ዱባይ ዴይራ፣ ጣራው ላይ፣ የእንጨት ቢላዬን ይዤ ብቻዬን ካሬንዛ የሠራሁት፤ ካሬንዛ ማለት በአርኒስ፣ በፊሊፒንሶች የዱላና የቢላ ፍልሚያ፣ ባላጋራን በሐሳብ ብቻ ይዞ የሚሠራ ልምምድ ነው። 12ቱን አንግል፣ የመምቻ አቅጣጫዎቹን፣ በተራ ሳይሆን እንደመጣልኝ እያፈራረቅኩ። ከሥሩ ኮሜንቱ ሁሉ «በርቺ»፣ «ጀግና»። እህቴ ብቻ «ሽንኩርት ነው የምትከትፊው?» አለች። አዎ፣ አሁን ሁላችሁም የሽንኩርቷ እያላችሁኝ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

ለኩያ በምሳ ሰዓት አሳየሁት። ድምፁን አጥፍቶ አየው። «ግራኝ የሆንሽው መቼ ነው?» አለኝ። የፊት ካሜራው ገልብጦት እኮ ነው! ተሳሳቅን። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው፣ እኔ ፊቱን ፊቱን አያለሁ። ስለ ግራ እጄ ሊናገር ነው ብያለሁ፤ ባዶው እጅ ደረት አጠገብ ካልጠበቀ አይምርም። ወይ ስለ እግሬ። ወይ ደግሞ ያቺን የሚወዳትን «ሪፐብሊክ አክት 9850» ሊጀምርልኝ ነው፤ አርኒስ በ2009 የአገሩ ብሔራዊ ስፖርት ሆኖ የታወጀበትን ሕግ፣ ታውቁታላችሁ፣ ለታክሲ ሹፌር ሳይቀር ያወራል። ምንም። ስልኬን መለሰልኝና «ሰውየው ስንት ቁመት አለው?»

የቱ ሰውዬ?

«የምትቆርጪው። አንዴ አንገቱ እዚህ ነው፣ አንዴ እዚህ።» በሹካው ከፍ ዝቅ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ መብላቱን ቀጠለ! በቃ፣ ያ ነው አስተያየቱ።

ሁለት ሆነን ስንሠራ እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለም። የጎማው ቢላ ስለት ላይ ሊፒስቲክ እንቀባለን፤ ስንጨርስ ቲሸርቱን ማየት ነው። ክርክር የለም። ብቻህን ስትሠራ ግን ማን ይነካሃል? ሁሌ አሸናፊ ነህ። ስለዚህ ልክ ነው... ልክ ነው መሰለኝ። ግን ደግሞ፣ ይቅርታ፣ የሌለ ሰው ቁመት? አንዳንድ ቀን እኮ ለትንፋሽ ብቻ ትሠራለህ፣ እግርህ እንዲፈታ። ማታ ላይ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም።

ከባሕር ዳር ቪዲዮ የላክልኝ ልጅ፣ ዝም ያልኩህ ለዚህ ነው። «በርታ» ብዬ ብልክልህ ምን ይጠቅምሃል? ቆርጠህ ስትመለስ ክርንህ ይከፈታል፤ ጎንህን ባዶ ትተዋለህ። እሱን ብቻ ያዝ። ሌላም አይቻለሁ፣ ግን አንድ ላይ ሲደረደር ሰው ቢላውን ያስቀምጣል። ወይም እኔ ነኝ የማስቀምጠው፣ እንጃ። ስለ ቁመት ግን አልጠይቅህም። ማንን እያሰብክ እንደምትሠራ ምን አውቃለሁ?

ምክንያቱም እኔ... ለኩያ «ማንም የለም» አልኩት። የለም እንዴ? ከኔ በጣም ይረዝማል። ስደክም ነው የሚያጥረው፤ አሁን ሳየው ቪዲዮው ላይ በደንብ ይታያል፣ መጨረሻው ላይ ትከሻዬ ጋ ደርሷል። ኩያ ያንን አይቶ ይሁን ወይስ ስለ አንግሉ ብቻ...

ተዉት፣ ተዉት። እሱን ዛሬ አላወራም።

ድጋሚ ቅረጪው ብላችሁኛል። ልቀርጸው እችላለሁ። ግን አሁን ብቀርጸው ቁመቱን እያሰብኩ ነው የምሠራው፣ ለኩያ እንዲታይ፣ እና ያ ደግሞ...