ፓርክ ኤንድ ራይድ የማን መሬት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ሲያትልና አካባቢዋ የምንኖር ሰዎች በየዕለቱ እየረገጥነው የማን እንደሆነ ጠይቀን ስለማናውቀው መሬት ነው። መኪናችንን አቁመን አውቶቡስ ወይም ባቡር የምንይዝበት፣ ሁላችንም ፓርክ ኤንድ ራይድ የምንለው ሥፍራ፣ በብዙ ቦታ የዋሽንግተን ግዛት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ንብረት ሲሆን፣ አውቶቡሱን የሚያመጣልን ግን ኪንግ ካውንቲ ሜትሮ ወይም ሳውንድ ትራንዚት ነው። እነዚህ ማቆሚያዎች ከግዛቱ ወጥተው ለአካባቢው የትራንስፖርት ድርጅቶች ይተላለፉ የሚል ሐሳብ ሲነሳ እኔ ይተላለፉ ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም ውሉ ላይ ምን እንደሚጻፍ ሳላይ እጄን አላወጣም።

ግዛቱ እንዴት የማቆሚያ ባለቤት ሊሆን ቻለ? አውራ ጎዳናዎቹን የሠራው፣ በመውጫዎቹ አጠገብም መሬት የያዘው እሱ ነው፤ ሰው መኪናውን አቁሞ በአውቶቡስ ሲሄድ ደግሞ መንገዱ የሚቀልለት ለእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ብሉ ስትሪክ የተባለው ፈጣን አውቶቡስ ከኖርዝጌት ማቆሚያ ተነስቶ በአይ-5 አውራ ጎዳና ፈጣን መስመር ወደ መሐል ከተማ መመላለስ ሲጀምር የታየው ይህ ነበር።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ለተራው ተሳፋሪ የሚገለጥለት ችግር ሲገጥመው ነው። አንድ ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መኪናቸውን አቁመው ወደ ኤርፖርትና ወደ ሆስፒታል ሥራ በሚሄዱ ወገኖቻችን ዘንድ በሚታወቅ አንድ ማቆሚያ፣ የጥጉ መብራት ጠፍቶ፣ እሾሃማው የብላክቤሪ ቁጥቋጦ አጥሩን አልፎ ሁለት የማቆሚያ መስመር ሸፍኖ ከረመ። ከቁጥቋጦው አጠገብ የቆመው የእኔ መኪና መስኮቱ ተሰብሮ ጠበቀኝ፤ ብርጭቆው እንደ በረዶ ፍንካች አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ሰሌዳው ላይ ያገኘሁትን ቁጥር ስደውል መብራቱ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው ተባልኩ፤ ሌላው ጋ ስደውል ደግሞ ቦታው የእኛ ነው፣ ጥገናው ግን በውል ለሌላ ተሰጥቷል አሉኝ። ሁሉም በትሕትና አነጋግረውኛል፤ መብራቱ ግን አልበራም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚያ የሚናቅ ባለቤት እንኳ ያለ አይመስልም ነበር።

ስለዚህ ንብረቱ ተሳፋሪውን በየቀኑ በሚያገኘው ድርጅት እጅ ቢሆን፣ መብራቱም ካሜራውም አውቶቡሱም የሚጠየቅበት ሰው አንድ ይሆናል። ኪርክላንድ ውስጥ በ405 አውራ ጎዳና ዳር ያለውን ኪንግስጌት ተመልከቱ፦ መሬቱ የግዛቱ ነው፣ የሚያስተዳድረው ሜትሮ ነው፣ ሳውንድ ትራንዚት ደግሞ ለአዲሱ የፈጣን አውቶቡስ መስመር አስቦታል፤ መኖሪያ ቤትም እንዲሠራበት ለዓመታት ሲመከርበት ቆይቷል። በአንድ አስፋልት ላይ ይህ ሁሉ እጅ ሲኖር ጉዳዩ ቢዘገይ አይገርምም።

ታዲያ ግዛቱ ለምን ዝም ብሎ አይሰጣቸውም? እ.ኤ.አ. በ1944 በግዛቱ ሕገ መንግሥት ላይ የተደረገው 18ኛው ማሻሻያ ከነዳጅ ግብርና ከመኪና ፈቃድ ክፍያ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለአውራ ጎዳና ጉዳይ ብቻ እንዲውል ያዛል፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብ ማመላለሻ በዚያ ውስጥ እንደማይገባ ወስኗል። በዚህ ገንዘብ የተገዛን መሬት ለሌላ ዓላማ ማስተላለፍ ካስፈለገ ተቀባዩ የገበያ ዋጋውን ለመንገድ ፈንዱ መክፈል ይኖርበታል፤ የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ ከገባበት ደግሞ የዋሽንግተን ዲሲ ፈቃድም ይታከልበታል። በአይ-90 አውራ ጎዳና ድልድይ መሐል ያሉት መስመሮች ለባቡር ሊሰጡ ሲሉ የቤልቪዩው ባለሀብት ኬምፐር ፍሪማንና ሌሎች ከሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሳውንድ ትራንዚት የፈረደው የነዳጅ ግብሩ ድርሻ ለፈንዱ እንዲመለስ ስለተደረገ ጭምር ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ከፋዩ ማን መሆኑ ነው። ሜትሮም ሳውንድ ትራንዚትም በዋናነት የሚተዳደሩት ከሽያጭ ግብር ነው። ቤንዚን ሲቀዳ የመሬቱን ዋጋ የከፈለው የታክሲ ሾፌር፣ ዝውውሩ በገበያ ዋጋ ሲፈጸም ለልጁ ጫማ በገዛ ቁጥር ያንኑ መሬት ዳግመኛ ይገዛዋል ማለት ነው።

ወደ ሌላኛው እጅ ስናልፍ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። ሳውንድ ትራንዚት ከፕሮጀክት የተረፈውንና ለመኖሪያ ቤት የሚሆነውን መሬት ቢያንስ 80 በመቶውን፣ ከሚሠሩት ቤቶች 80 በመቶው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶና ከዚያ በታች ለሚያገኙ ቤተሰቦች እንዲሆን ለሚስማሙ ገንቢዎች አስቀድሞ እንዲያቀርብ የግዛቱ ሕግ ያስገድደዋል፤ ያለ ክፍያ ማስተላለፍም ይፈቀድለታል። ያው መሬት በግዛቱ እጅ ሳለ ከዋጋው ሊወርድ የማይችል፣ ዳርቻውን ሲሻገር ግን በነጻ ሊሰጥ የሚችል ይሆናል። የቤት ኪራይ ወገኖቻችንን ከሲያትል ወደ ኬንትና ወደ ፌዴራል ዌይ እንደገፋቸው ለሚያውቅ ሰው ይህ ደስ የሚል ሕግ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ።

ነገር ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከሰፈሯ ወደ ጣቢያው የሚወስዳት አውቶቡስ የማታገኝ የጽዳት ሠራተኛ ያለ ማቆሚያ ሥራዋ መድረስ አትችልም። ከወረርሽኙ ወዲህ ብዙ የቢሮ ሠራተኞች ከቤታቸው ስለሚሠሩ ባዶ መስመር በዝቷል፤ ያንን አይቶ ቦታው ትርፍ ነው ማለት ቀላል ነው፤ እሷ ግን ዛሬም እዚያው ናት። ስለዚህ በማስተላለፊያው ውል ላይ እንዲጻፍ የምፈልገው ይህ ነው፦ ቤት ሲሠራ የሚቀረው የማቆሚያ ብዛት የሚወሰነው በረፋድ በተደረገ ቆጠራ ብቻ ሳይሆን በሌሊቱ ፈረቃ ተጠቃሚዎች ቆጠራም ይሁን፤ ማቆሚያው የሚቀነሰውም ለዚያ ሰዓት የሚሆን አውቶቡስ ሥራ ከጀመረ በኋላ ይሁን። በዚህ ከተስማሙ፣ መሬቱ ለአውቶቡስ ተሳፋሪና ለመኪና ተጋሪ እስካገለገለ ድረስ ሙሉ የገበያ ዋጋ ሳይጠየቅ በረዥም ጊዜ ኪራይ የሚተላለፍበትን መንገድ የሕግ ሰዎች ቢፈልጉ፣ ድርብ ክፍያው ይቀልላል ብዬ አስባለሁ።

ካውንቲው ብዙ ማስታወቂያዎቹን ወደ አማርኛ ማስተርጎሙ የሚመሰገን ነው፤ የሕዝብ ስብሰባ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው በማታ፣ ሌሊት ተነስታ ሥራ የምትሄድ ሠራተኛ ለመተኛት በምትዘጋጅበት ሰዓት ነው። አስተያየት መስጫው ወረቀት እዚያው ማቆሚያው ላይ፣ አውቶቡሱ በሚጠበቅበት መጠለያ ይለጠፍ፤ ሥልክ ቁጥርም ይኑረው፣ በአማርኛ የሚያነሳ ሰው ያለበት።