«ወራጅ አለ!» ሴቶች ከኦንላይን የበጎ ፈቃድ ሥራ ለምን ይወርዳሉ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ፣ ዛሬም ከሐይቁ ዳር ነን። ከኋላዬ የቆመው አባ ኮዳ እንግዳችን አይደለም። የአሳ ትርፍራፊ እየጠበቀ ነው። ክንፉን ካራገበብኝ ታገሱኝ።

ዊኪፔዲያ ማን ይጽፈዋል የሚለውን ባለፈው አይተናል። ያላያችሁ ሄዳችሁ እዩና ተመለሱ። ጨረሳችሁ? ጎበዞች።

የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። ዊኪፔዲያ መጻፍ፣ ካርታ መሙላት፣ ነፃ ሶፍትዌር መሥራት፤ ሁሉም ያለ ክፍያ ነው፣ ሁሉም ለፈለገ ሰው ክፍት ነው። ታዲያ ሴቶቹ የት ሄዱ? ልብ በሉ፣ «የት ሄዱ» ነው ያልኩት። «ለምን አልመጡም» አላልኩም።

ቁጥሩን ቶሎ ልበላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። በ2011 ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን አርታኢዎቹን ሲጠይቅ ሴቶቹ 9 በመቶ ገደማ ነበሩ። የዚያን ጊዜዋ ዋና ዳይሬክተር ሱ ጋርድነር በ2015 25 በመቶ እናደርሰዋለን ብላ ነበር። አልደረሰም። በ2017 ደግሞ ጊትሃብ፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ፣ ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩትን ሰዎች ጠየቀ፤ ከመለሱት ውስጥ ሴቶቹ 3 በመቶ። ሦስት! ከመቶ ሰው መሃል ያሉት ሴቶች በአንዲት ባጃጅ ይጫናሉ ማለት ነው።

ባጃጅ ካልኩ አይቀር ኑ እንሳፈር።

ከአቶቴ ተነስተን አሞራ ገደል ነው የምንሄደው። አንዲት ልጅ ገባች። የከለከላት የለም። ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና «ዛሬስ ቀንቶኛል» አለ። ቀልድ ነው። አጠገቧ ያለው ሰውዬ «የት ነው የምትሠሪው?» አላት። ጨዋታ ነው። ትንሽ ቆይቶ «አግብተሻል?» እሱም ጨዋታ ነው። ጉልበቱ ጠጋ አለ። ባጃጇ ጠባብ ናት፣ ምን ያድርግ! ሂሳብ ስታወጣ ሹፌሩ «ለአንቺ በነፃ፣ ስልክሽን ብቻ» አለ። ቀልድ ነው አልኳችሁ። የሰደባት የለም። የመታት የለም። ፒያሳ ስትደርስ «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች።

መሄጃዋ ግን አሞራ ገደል ነበር። በዚያ ፀሐይ የቀረውን በእግሯ ልትጨርሰው ነው።

ሹፌሩን ጠይቁት። «እኔ ምን አደረግኳት? ሰፈሯ ደርሳ ነዋ!» ይላችኋል። ከልቡ ነው፣ እየዋሸ አይደለም። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። «ወራጅ አለ» ምክንያት አይናገርም። ሰፈሩ የደረሰም «ወራጅ አለ» ይላል፣ የመረረውም «ወራጅ አለ» ይላል። ሹፌሩ ደግሞ የሚቆጥረው የተሳፈረውን ነው። ማታ ሂሳቡን ሲዘጋ የት እንደወረደች የትም አልተጻፈም።

(ከቪዲዮ ኤዲቲንግ ክፍል «ረዝሟል» የሚል መልእክት ደርሶኛል። ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ፣ አይነካም።)

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ሰሞን በቴሌግራም ተሰባስበን የሐዋሳን መንገዶች ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው፣ ማንም በሚሞላው ነፃ ካርታ ላይ እንሞላ ነበር። አንዲት ልጅ ነበረች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የታቦር ተራራን ግርጌ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ለብቻዋ ጨረሰችው። አንድ ቀን ግሩፑ ላይ «ይቺ መንገድ ሐይቅ ውስጥ ትገባለች፣ ማን ነው የሣላት?» ብላ ጻፈች። የሣልኳት እኔ ነኝ። እውነትም ትገባለች፣ ዋናተኛ መንገድ! ወዲያው አንዱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ መለሰላት። አሥራ አንድ ሳቅ ተለጠፈበት። አንዱ የእኔ ነው። ማታ መንገዱን ዝም ብዬ አስተካከልኩት። አላመሰገንኳትም።

ከአሥር ቀን በኋላ ከግሩፑ ወጣች። ሰው ሲጠይቀኝ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ሥራ በዝቶባት ይሆናል።» ሹፌሩን አወቃችሁት?

በኋላ ሻይ ቤት አግኝቻት ጠየቅኳት። ተረቱንማ ቤትም ስሰማው ነው ያደግኩት አለች። «ከግሩፑ አራት ሰው ኢንቦክስ መጥቶብኛል። አንዱም ስለ ካርታ አልጠየቀኝም።»

እሺ፣ ወደ መፍትሔው ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ኮመንት ላይ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጽፋችኋል፣ ሳልመልስ አላልፍም። «ኢንተርኔት ላይ ጾታ አይታይም፤ የሚታየው ሥራው ነው።»

ወገኖቼ፣ በየትኛው ቋንቋ ነው የማይታየው? እኛ የምንጽፈው በአማርኛ ነው! «ሰረዝኩ» ብላ ብትጽፍ እሺ፣ አይታይም። ሌላው ሊመልስላት ሲል ግን «ለምን ሰረዝክ» ወይም «ለምን ሰረዝሽ» ማለት አለበት። ካልሆነ «ሰረዙ» ብሎ እንደ ሽማግሌ አንቱ ይላታል። ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ «ሰረዝክ» ይላል፤ የሚሠራ ሰው በአእምሮው ወንድ ነዋ። አሁን ምን ታድርግ? ዝም ካለች ዓመቱን ሙሉ «አንተ» ስትባል ትኖራለች። «አንቺ በለኝ» ካለች ደግሞ የባጃጁ ጨዋታ ይጀመራል። እናንተ ወንዶች በአንድ ፊደል ምክንያት እንዲህ ተጨንቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

«ሥራው ነው የሚታየው» ላላችሁትም መልስ አለ። በ2017 የታተመ፣ በጊትሃብ ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ከሴቶች የመጣው የኮድ ማስተካከያ 79 በመቶ ገደማው ተቀባይነት አግኝቷል፤ የወንዶቹ 75 ገደማ። ሴቶቹ በለጡ! ለፕሮጀክቱ እንግዳ የሆኑትንና ጾታቸው ከፕሮፋይላቸው የሚታወቀውን ብቻ ለይተው ሲያዩት ግን የወንዶቹ በለጠ።

ስለሚጻፍላቸው ሴቶችም ያው ነው። ዶና ስትሪክላንድ በኦክቶበር 2018 የፊዚክስ ኖቤል ስታሸንፍ እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ገጽ አልነበራትም። በዚያው ዓመት የቀረበው ረቂቅ ምንጩ አልበቃም ተብሎ ተመልሷል። በፊዚክስ ከሴት ሦስተኛዋ አሸናፊ ናት እኮ!

መፍትሔው፣ ቶሎ ቶሎ፦ የሥነ ምግባር ደንብ ይኑር፤ ዊኪሚዲያ ለሁሉም ፕሮጀክቶቹ የሚሠራ አንድ ደንብ በ2021 አጽድቋል። ደንቡን የሚያስፈጽም ሰው ይኑር፣ አለበለዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። አቤቱታ በግል የሚቀርብበት መንገድ ይኑር፣ አድሚኖቹም ወንዶች ብቻ አይሁኑ። አዲስ ሰው የሠራውን ከመሰረዛችሁ በፊት አስረዱ። የወጣ ሰው ካለ ለምን እንደወጣ ጠይቁ። ቀልዱ ሲወረወር ደግሞ «ተው» የሚለው ሌላ ወንድ ይሁን፤ ሁልጊዜ እሷ ከሆነች ተጨቃጫቂ ትባላለች። ዝርዝሩን በሚቀጥለው እሠራዋለሁ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደወሏን ተጫኑ።

ከመሄዴ በፊት ኮመንት ላነብ። «ኤዲተሩ አንደኛ ነው።» «ለኤዲተሩ ደሞዝ ጨምርለት።» ደሞዝ የለም፣ በነፃ ነው የምትሠራው። አዎ፣ የምትሠራው። ሁለት ዓመቷ ነው። «ሴት መሆንሽን ልንገራቸው?» ስላት መጀመሪያ «ተወው፣ ኢንቦክሴ ሊሞላ ነው» አለችኝ። ትናንት ደግሞ ስክሪፕቱን አንብባ «በቃ ንገራቸው» አለች። «ግን ያንን የባጃጅ ነገር ልቁረጠው፣ ረዝሟል።»

እምቢ አልኩ።