ላይብረሪ ፊት ለፊት የሚያቆመውን መጽሐፍ እንዴት ይመርጣል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። ላይብረሪ ስትገቡ በር አካባቢ አንድ ጠረጴዛ ወይም አጭር መደርደሪያ አለ አይደል? መጻሕፍቱ ሽፋናቸውን ወደ እናንተ አዙረው የቆሙበት፤ ማሳያ የምንለው እሱን ነው። እነዚያን ማን መረጣቸው? ለምንስ እነሱ ተመረጡ?

እስቲ መጀመሪያ ጉሊት እንሂድ። አዎ፣ ጉሊት! አቶቴ አካባቢ መንገድ ዳር የምትሸጥ አንዲት እናት አስቡ። ቲማቲሙን መደብ መደብ አድርጋ ትደረድራለች። ቀዩን ከላይ፣ ጠንከር ያለውን ከታች። አቮካዶውን ጠዋት ጠዋት በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ታየዋለች። ለዛሬ የደረሰው ወደ ፊት ይመጣል፤ ለነገ የሚሆነው ከኋላ ጆንያ ውስጥ ይቆያል። ጾም ሲገባ ጎመኑ ፊት ይቀመጣል። በዓል ሲደርስ ቦታውን ለሽንኩርት ይለቃል። ፀሐይ ሲበረታ ውሃ ትረጫለች። አንድ መደብ ሲሸጥ ደግሞ ቦታው ባዶ አይውልም፤ ወዲያው ከጆንያው ትሞላዋለች። እኔ ከእሷ የተሻለ የማሳያ ባለሙያ አላውቅም፤ ከልቤ ነው። ወቅቱን ታውቃለች። ደንበኛዋን ታውቃለች። የትኛው ካልታየ እንደሚቀርም ታውቃለች።

ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። ካልታየ የሚቀር። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ማሳያ ላይ መቆም የለበትም፤ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ይወስደዋል። ቦታው የሚገባው ጥሩ ሆኖ ሳለ ማንም ለማይጠይቀው መጽሐፍ ነው። ሕንዳዊው የላይብረሪ ሊቅ ራንጋናታን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 አምስት ሕጎች አሳትሟል። ሦስተኛው «ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው» የሚል ነው።

አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ርዕሰ ጉዳይ ይመረጣል። ካታሎግ፣ ማለትም የላይብረሪው የመጻሕፍት ዝርዝር፣ ይፈተሻል። የተቀደደውና መረጃው ያረጀው ይቀራል፤ በተለይ የሕክምናና የሕግ መጽሐፍ የታተመበት ዓመት ይታያል። ካታሎጉ ላይ ቦታው «ማሳያ» ተብሎ ይቀየራል፤ አለበለዚያ በዲዊ ቁጥሩ፣ መጽሐፉ በየርዕሰ ጉዳዩ በሚደረደርበት ቁጥር፣ የሚፈልገው ሰው ያጣዋል። የሚነሳበት ቀን አስቀድሞ ይቆረጣል። ሲነሳ የውሰት መዝገቡ ይታያል፦ የትኛው ወጣ፣ የትኛው ሳይነካ ቀረ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ብዙዎቻችሁ ግን ደጋግማችሁ የምትሉኝ ነገር አለ። «ላይብረሪው ያንን መጽሐፍ ፊት ያቆመው ሐሳቡን ስለሚደግፍ ነው» ትላላችሁ። ኧረ በፍጹም! ላይብረሪ መጽሐፍ ሲያሳይ «ይህ አለ፣ አንብባችሁ ፍረዱ» ማለቱ ነው። በአንድ የታሪክ ጉዳይ ላይ የማይስማሙ ሁለት ጸሐፊዎችን ጎን ለጎን ሲያቆም የቱን ደገፈ ልትሉ ነው? አንዱን አውጥቶ ሌላውን መጋዘን ውስጥ ከደበቀ፣ ያኔ ቅሬታችሁ ልክ ነው፤ እኔም አብሬያችሁ እጮኻለሁ። ለዚህ ነው ምርጫው በጽሑፍ መመሪያ መመራት ያለበት። የአሜሪካ የላይብረሪዎች ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ያጸደቀው የመብቶች ሰነድ በአከራካሪ ጉዳዮች ላይ የተለያዩ አመለካከቶች እንዲቀርቡ ይጠይቃል። የቅሬታ ማቅረቢያ ቅጽም ይኑር። «እኔ ስላልወደድኩት ይነሳ» ግን አይሆንም። ጎረቤቴ ሊፈልገው ይችላላ!

ሐዋሳ ላይ ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ዩኔስኮ ለመዘገበው ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ማሳያ ሲዘጋጅ፣ በሲዳምኛ በላቲን ፊደል የተጻፈውም፣ የአማርኛውም፣ ሥዕል ያለው የልጆች መጽሐፍም አብረው ይቁሙ። የልጆቹ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ የስድስት ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ የልጆች መጽሐፍ ሳይ ያናድደኛል።

እና እባካችሁ፣ ማሳያ ላይ ያለ መጽሐፍ ይነካል! ይገለጣል! ላይብረሪው የሚያውስ ከሆነ ቤት ይወሰዳል። ብዙ ሰው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አይቶ ያልፋል። አታስቡ፣ ያነሳችሁበትን ቦታ ባለሙያው በሌላ ይሞላዋል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ሐዋሳ ያላችሁ ደግሞ ቀጣዩ ማሳያ ስለ ምን ቢሆን እንደምትወዱ ጻፉልኝ፤ ለሚቀርባችሁ ላይብረሪ ባለሙያም በአካል ሄዳችሁ ንገሩ። በሚቀጥለው የዲዊን ቁጥሮች እናያለን። ቸር ሰንብቱ!