መብረቅ የመታውን ሰው ንኩት! (በወላጆች ቀን ያደረግኩት ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶችም። ርዕሰ መምህሩ «ስለ ክረምት ጤና አስር ደቂቃ ተናገሪልን» ብለውኝ ስለ ተቅማጥም ስለ ጉንፋንም ጽፌ ነበር፣ ትናንት ማታ ቀደድኩት። ሰኔ ገብቷል፣ ልጆቹ ትምህርት ተዘጋ ብለው ነገ በግ ይዘው ሜዳ ይወጣሉ፣ ስለ መብረቅ ሳልናገር ከወረድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አብዛኞቻችሁ የወንድሜን ነገር ታውቃላችሁ፣ ቀብሩ ላይ ነበራችሁ። ልጆቹ ግን አያውቁትም ስለዚ ልንገራቸው። እኔ 11 ዓመቴ ነው፣ እሱ 14። ሐምሌ ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ በጎቹን ከገደሉ አፋፍ ስንመልስ ሰማዩ ጠቆረ፣ በረዶ ጀመረ፣ ባናችንን ተከናንበን ሮጠን እዛች ብቻዋን የቆመችው ጽድ ስር ገባን፣ በጎቹም ተከትለውን ገቡ። ከዛ የማስታውሰው ነጭ ብርሃን ነው፣ ድምፁን እንኳን አልሰማሁትም። ስነቃ አፌ ውስጥ ጭቃ አለ፣ እግሬ አልታዘዝም ብሎኛል፣ 7 በግ ተጋድሟል፣ ወንድሜ በጀርባው ተኝቷል። ደም የለ፣ ስብራት የለ፣ የማተቡ መስቀል ያረፈበት ቆዳ ብቻ ጠቁሯል።

ሰው በጩኸቴ ደረሰ። ደረሰና ቆመ። «አትንኩት! መብረቁ ገና አልወጣለትም፣ የነካው ይሞታል» ተባለ። እናቴ ልትወድቅበት ስትል ሁለት ጎረምሶች ክንዷን ይዘው አስቀሯት፣ ነጠላዋ ጭቃው ላይ ወደቀ፣ ማንም አላነሳላትም። ዝናቡ እስኪያባራ ቆመን አየነው። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ ይወዱን ነበር፣ የሚያውቁት ያንን ነው።

ነርሲንግ ስማር ነው የገባኝ። መብረቅ በሰከንድ ክፋይ መትቶ ያልፋል፣ ሰው ገላ ውስጥ አይቀመጥም፣ የነካው አይሞትም! የሚገድለው ልብን ቀጥ አድርጎ በማቆም ነው። ልብ ብዙ ጊዜ ራሷ ተመልሳ ትነሳለች፣ ትንፋሽ ግን ቶሎ አይመለስም፣ ያኔ የሚተነፍስለት ሰው ካላገኘ ልቡ እንደገና ትቆማለች። ለዛ ነው መብረቅ ብዙ ሰው በአንዴ ሲመታ፣ ሐኪም ከሚጮኸው በፊት ዝም ወዳለው የሚሮጠው። ወንድሜ በእርግጠኝነት ይተርፍ ነበር አልልም። ግን ማንም አልሞከረለትም።

ደሞ ውስጤን የሚያበግነኝ! ከቀብሩ በኋላ «ምን በድለው ይሆን፣ ቁጣ እኮ ዝም ብሎ አይወርድም» እየተባለ በየጠላ ቤቱ ተወራ። እናቴ ሁለት ዓመት ማህበር አልሄደችም። አባቶቼ ይቅር በሉኝ፣ እኔም እናንተው ያጠመቃችሁኝ ልጅ ነኝ፣ ግን የ14 ዓመት እረኛ ምን በደለ? በጎቹስ? ኖርዌይ ውስጥ በፈረንጆቹ 2016 አንድ ተራራ ላይ መብረቅ 323 አጋዘን ረፍርፏል፣ እነሱስ ምን ኃጢያት ሰሩ? ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ ሲመታ መብረቁ ከስሩ በመሬት ላይ ይበተንና በእግር ይገባል፣ በግና ከብት የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ይበልጥ ያልፍበታል። ይኸው ነው ምክንያቱ። ዛፍ ስር አትጠለሉ! ዝናብ ያበሰበሰው ልጅ እሳት ዳር ይደርቃል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ሰዓቱ ሄዷል። ልጆች፣ ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ፣ ድምፁ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከመጣ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ቤት ግቡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ቤትም ውስጥ ከበርና ከግድግዳ ራቅ በሉ፣ ቻርጀር ላይ የተሰካ ሞባይል አትንኩ። ሜዳ ላይ ከያዛችሁ ከአፋፉ ውረዱ፣ ተራራቁ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፣ መሬት ላይ አትተኙ። ከወረዳ የመጣችሁ ደሞ፣ ይሄ ትምህርት ቤት ያለው ኮረብታ አናት ላይ ነው፣ ጣሪያው ላይ የመብረቅ መከላከያ የለውም። ጭብጨባ አይደለም የምፈልገው፣ ቀን ቁረጡልን!

አሁን ማይኩን እመልሳለሁ። እዛ ጥግ ጭድ የሞላሁት ማዳበሪያ አለ፣ በሰው ደረት ልክ አስሬዋለሁ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይምጣና ደረት 30 ጊዜ መጫን፣ አፍ ውስጥ 2 ጊዜ እፍ ማለት እንለማመድ። መጀመሪያ እናቴ ታሳያችኋለች፣ ቤት አስተምሬያታለሁ።