የሐይቅ ዳር ፕሌይሊስት፦ የጌም ሪሚክሶችን በጭብጥ መሰብሰብ

[ምስል፦ ፍቅር ሐይቅ፣ አመሻሽ ላይ። የጆሮ ማዳመጫ ያደረጉ ወጣቶች በእግር ይሄዳሉ።]

የጌም ሙዚቃ የሚወድ ሰው ስልክ ውስጥ ብትገቡ፣ ሪሚክሶቹ (ሌሎች ሙዚቀኞች እንደ አዲስ ያቀናበሯቸው የጌም ዜማዎች) በጌም ስም ተከፋፍለው ታገኟቸዋላችሁ። ማሪዮ ለብቻው፣ ሶኒክ ለብቻው። ለማስቀመጥ ጥሩ ነው። ለመስማት ግን አይመችም። አንድ ጌም ውስጥ የፍልሚያ ዜማም አለ፣ የሚያስተኛ ዜማም አለ። ተከታትለው ሲመጡ ጆሮ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ የምንሰበስበው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው። ሐዋሳ ላይ ሆነን ደግሞ ሐሳብ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ውሃ!

ብዙ የድሮ ጌሞች የውሃ ውስጥ ስቴጅ አላቸው። እዚያ ስትገቡ እንቅስቃሴው ይከብዳል፣ ሙዚቃውም ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ አስታውሱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኮጂ ኮንዶ ለመሬቱ ስቴጅ የሠራው ዜማ ፈጣንና ዘላይ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ምቱን ወደ ቫልስ ቀየረው። አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። ማሪዮ እየዋኘ ሳይሆን እየደነሰ ይመስላል። በችክችካ ላደገ ጆሮ በሦስት ምት መወዛወዝ አይከብደውም። ለጌም ሙዚቃ አዲስ የሆነ ጓደኛ ካላችሁ፣ ከዚህ አስጀምሩት።

[ምስል፦ የድሮ የጌም ካሴት፣ በቅርበት።]

ይህ ማሪዮ የወጣበት የኒንቴንዶ መጫወቻ መሣሪያ የነበረው አምስት የድምፅ ቻናል ብቻ ነው። ሁለቱ ዜማውን ይይዛሉ፣ አንዱ ቤዙን። አራተኛው የሚያወጣው ሹሹታ ብቻ ነው፤ ከበሮ መስሎ የሚሰማችሁ እሱ ነው። አምስተኛው አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን ያጫውታል። የጌሙ ሌሎች ድምፆችም የሚወጡት በእነዚሁ ነው። ማሪዮ ሳንቲም ሲያነሳ ከሙዚቃው አንድ ድምፅ ለአፍታ ይጠፋል። ልብ ብላችሁ ስሙት።

ስለዚህ ዜማው አጥንቱ ብቻ ነው የደረሰን። ጥሩ ሪሚክስ ሠሪ በጊታር፣ በፒያኖ፣ በሳክስፎን ሥጋ ያለብሰዋል። ከሥር ከበሮ ብቻ የጨመረበትን እኔ ፕሌይሊስቴ ውስጥ አላስገባም። ዜማው አዲስ ነገር ካልነገረኝ ኦሪጅናሉን ብሰማ ይሻለኛል።

ቀጥሎ ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ፣ 1994። የዴቪድ ዋይዝ የውሃ ስቴጅ ሙዚቃ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ለድምፅ የተሰጠው ሜሞሪ 64 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል! እዚያች ውስጥ ነው ያንን ሁሉ ጥልቀት ያስቀመጠው። የዚህ ዜማ ሪሚክስ ሞልቷል። ከሁለት በላይ ግን አታስገቡ፣ ሌላውን ይውጠዋል።

ሶኒክም ውሃ አለው። ግን ተጠንቀቁ። በ1991ዱ ጌም ሶኒክ አየር ሊያልቅበት ሲል የምትመጣውን አጭር ሙዚቃ የተጫወተ ሁሉ ያውቃታል። ልብ ታስደነግጣለች። ለሐይቅ ዳር እግር ጉዞ አትሆንም፣ ለሩጫ ፕሌይሊስት አቆዩአት።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ የዘፈኖች ዝርዝር።]

አሁን ዋናው ሥራ፣ ቅደም ተከተል። የአንዱን ዘፈን የመጨረሻ ሃያ ሰከንድ ስሙና ወዲያው የሚቀጥለውን ጀምሩ። በፒያኖ ቀስ ብሎ ካለቀ በኋላ ኤሌክትሪክ ጊታር ከፈነዳ፣ መሀላቸው ሌላ ያስፈልጋል። ሙሉውን መስማት የለባችሁም፣ መገጣጠሚያዋን ብቻ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ ፕሌይሊስት የሚበላሸው ግን እዚያው ላይ ነው።

ሪሚክስ ከየት ይገኛል? ኦቨርክሎክድ ሪሚክስ የሚባለው ድረ ገጽ ከ1999 ጀምሮ በነፃ የሚወርዱ ሪሚክሶችን ያወጣል። ፓኬጅ አያሳስባችሁ። በ128 ኪሎቢት የተቀመጠ የአራት ደቂቃ ዘፈን 4 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ አሥራ ሁለቱ 50 አይሞሉም። ወደ ሐምሳ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው፣ ለፍቅር ሐይቅ ወክ ይበቃል። ካወረዳችሁ በኋላ የፋይሉን ስም በቁጥር ጀምሩ፦ 01፣ 02። ዜሮዋን አትርሱ። ያለሷ ብዙ ማጫወቻ 10ን ከ2 በፊት ያመጣባችኋል። የአቀናባሪውንና የሪሚክስ ሠሪውን ስምም አብራችሁ ጻፉ። ለጓደኛ ስትልኩ ስማቸው አብሮ ይሂድ፣ ይገባቸዋል።

የመጨረሻውን ዘፈን ስትመርጡ ደግሞ ይህን አስቡ። የድሮ የስቴጅ ሙዚቃ መጨረሻ የለውም። ተጫዋቹ ስቴጁን እስኪጨርስ እየተመለሰ እንዲዞር ነው የተሠራው። ማሳረጊያ የሚያስፈልገው ሪሚክሱ ነው፣ ማሳረጊያውንም የሚፈጥረው ሪሚክስ ሠሪው ራሱ ነው። አንዳንዱ ድምፁን ቀስ በቀስ ቀንሶ ይወጣል። አንዳንዱ ግን በኦሪጅናሉ ያልነበረ መዝጊያ ይሠራለታል። ፕሌይሊስታችሁን በሁለተኛው ዓይነት ዝጉ።

የረሳሁት የውሃ ስቴጅ ካለ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ ሪሚክሱን ካገኛችሁት።