የዋሽንግተን ሐውልት ለምን ሁለት ቀለም ሆነ? ለመሪ መታሰቢያ ማን ይከፍላል?

[ምስል፦ የዋሽንግተን ሐውልት ከሩቅ፤ ካሜራው ቀስ እያለ ከታች ወደ ላይ ይወጣል]

ይህን ሐውልት ሳታዩት አትቀሩም። ዋሽንግተን ዲሲ መሀል የቆመ ነው፤ በዜናም በፊልምም ይታያል። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ከመሬት ወደ 46 ሜትር ከፍ ሲል ቀለሙ ይለወጣል። ለጌጥ ተብሎ አይደለም። እዚያ ላይ ሲደርስ ገንዘብ አለቀ፣ ሥራው ቆመ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ካባ መጣ።

አንድ አገር ለቀድሞ መሪው መታሰቢያ ልሥራ ሲል ማን ይወስናል? ገንዘቡስ ከማን ኪስ ይወጣል? ዛሬ የምናየው ይህን ነው። ምሳሌዎቹን ከአሜሪካ ወስጃለሁ፤ ክርክሩም ሂሳቡም ስህተቱም በይፋ ተመዝግቦ ይገኛልና። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

[ምስል፦ የጆርጅ ዋሽንግተን ሥዕል]

ጆርጅ ዋሽንግተን ያረፉት በ1799 ነው። ኮንግረስ ወዲያው መታሰቢያ ይሠራላቸው አለ። አለ እንጂ ገንዘብ አልመደበም። ነገሩ እየተንከባለለ ከ30 ዓመት በላይ ሄደ። በ1833 የከተማዋ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙና መዋጮ ጀመሩ። አንድ ደንብም አወጡ፦ ማንም ሰው በዓመት ከአንድ ዶላር በላይ አይሰጥም። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ያዋጣ፣ ሐውልቱም የሁሉም ይሁን ማለታቸው ነው።

እኔ ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። ግን አላዋጣም። እስከ 1836 የተሰበሰበው ወደ 28 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። የተመረጠው የሮበርት ሚልስ ንድፍ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል። ሚልስ ያሰበው ረጅሙን ሐውልት ብቻ አልነበረም፤ ግርጌውን የሚዞር ባለ ብዙ አምድ ግዙፍ ሕንፃም ነበረበት። ማኅበሩ የአንድ ዶላሩን ገደብ ኋላ ላይ አነሳው። ጁላይ 4 ቀን 1848 የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ገንዘቡ ግን ገና አልሞላም ነበር። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

ከገንዘብ ሌላ ድንጋይም በስጦታ ይመጣ ነበር። ክፍለ ግዛቶች፣ ማኅበራትና የውጭ መንግሥታት ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ ላኩ፤ ዛሬም ከውስጥ ግድግዳው ላይ ይታያሉ። ከሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከፒየስ 9ኛም አንድ ድንጋይ መጣ። በ1854 ሰዎች በሌሊት ገብተው እሱን ሰረቁት። ጣት የተቀሰረው ካቶሊኮችንና ስደተኞችን በሚጠላው፣ «ኖው ናቲንግ» በሚባለው የፖለቲካ ቡድን ላይ ነው። ይኸው ቡድን ብዙም ሳይቆይ የማኅበሩን አመራር ያዘ። ኮንግረስም ሊሰጥ የነበረውን 200 ሺህ ዶላር መልሶ አጠፈ። ለጋሾች ሸሹ። ቡድኑ በቆየበት ጊዜ የጨመረው ጥቂት ረድፍ ድንጋይ ነው፤ እሱም ጥራት ስለጎደለው በኋላ ተነሥቷል።

ቀጥሎ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሐውልት ከ20 ዓመት በላይ ቁንጽል ሆኖ ቆመ። በ1876፣ አሜሪካ 100ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ ኮንግረስ በመጨረሻ 200 ሺህ ዶላር መድቦ ሥራውን ተረከበ። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲስ ቶማስ ኬሲ መጀመሪያ የሠሩት ደካማውን መሠረት ማጠናከር ነበር። የሚልስ ባለ አምድ ሕንፃ ቀረ። ዛሬ የምናደንቀው ቀጥ ያለ፣ ምንም ያልተጨመረበት ቅርጽ የመጣው በከፊል ከገንዘብ እጦት ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 1884 ጫፉ ተገጠመ፤ 169 ሜትር ሆነ። የአይፍል ማማ በ1889 እስኪበልጠው ድረስ በዓለም ረጅሙ የሰው ሥራ ነበር። የፈጀው ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ነው።

[ምስል፦ በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ የተሰነጠቁ ድንጋዮች]

ወጪው እዚያ አላበቃም። በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ሐውልቱን ሰነጣጠቀው። ጥገናው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ግማሹን መንግሥት፣ ግማሹን ዴቪድ ሩበንስታይን የተባሉ ቢሊየነር ሰጡ። ሐውልቱ እንደገና የተከፈተው በ2014 ነው። አንድ ሰው በበጎ ፈቃዱ ባይሰጥ ኖሮስ? መታሰቢያ ሲታቀድ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ምርቃት አንድ ቀን ነው። ጥገና ዘላለም ነው።

በ1986 የወጣው ሕግ ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ የተማረ ይመስለኛል። በዋሽንግተን የፌዴራል መሬት ላይ መታሰቢያ ለማቆም መጀመሪያ ኮንግረስ በሕግ መፍቀድ አለበት። ለአንድ ሰው ከሆነ፣ ሰውየው ካረፉ ቢያንስ 25 ዓመት ማለፍ አለበት። ሐዘኑም ፖለቲካውም ሳይበርድ አይወሰን ማለት ነው። ቦታውንና ንድፉን የሚገመግሙ ኮሚሽኖች አሉ። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ገንዘቡ ተሟልቶ ሲታይ ነው። በዚያ ላይ ከግንባታው ወጪ 10 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ለጥገና ይቀመጣል። ሥራው በሰባት ዓመት ውስጥ ካልተጀመረ፣ ኮንግረስ ካላራዘመው በቀር፣ ፈቃዱ ይቃጠላል።

ብዙዎች ይህን ቢሮክራሲ ይሉታል። እኔ ግን ሁለቱን ደንቦች፣ የ25 ዓመቱንና የ10 በመቶውን፣ የትም አገር ቢወሰዱ ደስ ይለኛል።

መንግሥት ሲከፍልስ? የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን መታሰቢያ እንይ። ኮንግረስ የመታሰቢያውን ኮሚሽን ያቋቋመው በ1999 ነው። በ2009 ስመ ጥሩው አርክቴክት ፍራንክ ጌሪ ተመረጡ። የአይዘንሃወር ቤተሰብ ንድፉን ተቃወመ፤ በተለይ ያከራከረው ከብረት የተሠራው ግዙፍ መጋረጃ ነው። የምክር ቤት አባላትም ተቃውሞውን ተቀበሉ፤ የግንባታው ገንዘብ ለዓመታት ተያዘ። ቦርሳውን የያዘ ንድፉንም ይይዛል። ንድፉ ተሻሽሎ ቤተሰቡ ከተስማማ በኋላ መታሰቢያው በሴፕቴምበር 2020 ተመረቀ። ወጪው ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ አብዛኛው ከሕዝብ ግምጃ ቤት።

[ምስል፦ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃ ፊት ያለው ትንሽ የድንጋይ መታሰቢያ]

እኔን ከሁሉ የሚነካኝ የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። ሩዝቬልት በ1941 ለወዳጃቸው ለዳኛ ፍራንክፈርተር ተናግረው ነበር። መታሰቢያ ከተሠራልኝ የጽሕፈት ጠረጴዛዬን የምታህል ድንጋይ ትበቃኛለች፣ ከቤተ መዛግብቱ ፊት ትቀመጥልኝ አሉ። ወዳጆቻቸው ቃላቸውን አከበሩ። በ1965 ድንጋይዋ ተተከለች።

አገር ግን በዚያ አልረካም። በ1955 የተቋቋመው ኮሚሽን ውድድር አወጣ። ያሸነፈውን ንድፍ ገምጋሚዎቹ አልተቀበሉትም። በማርሴል ብሮየር የቀረበው ሁለተኛውም ወደቀ። ሦስተኛው፣ የሎውረንስ ሃልፕሪን፣ በ1978 ጸደቀ፤ ግንባታው ግን እስከ 1990ዎቹ አልተጀመረም። ሜይ 2 ቀን 1997 ተመረቀ። ለአራት የሥልጣን ዘመናቸው አራት ክፍት ክፍሎች፣ ፏፏቴና ቀይ ግራናይት። ወጪው ወደ 48 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ የሚበዛውን መንግሥት ከፈለ።

ይህ ሁሉ ዓመት አልፎም አንድ ትልቅ ነገር ጎደለ። ሩዝቬልት በ1921 በፖሊዮ ታመው ከዚያ በኋላ ያለ ድጋፍ መራመድ አይችሉም ነበር። ትልቁ ሐውልታቸው ግን ሰፊ ካባ ለብሶ ወንበሩን ይሸፍነዋል። አካል ጉዳተኞች አደባባይ ወጡ። በዊልቸር ሆኖ አሜሪካን ከኢኮኖሚ ውድቀትና ከዓለም ጦርነት ያሻገረ ሰው ዊልቸሩ ለምን ይደበቃል አሉ። እውነታቸውን ነበር። ኮንግረስ ተጨማሪ ሐውልት እንዲቆም በ1997 ፈቀደ። ገንዘቡን ያሰባሰቡት ግን እነሱው ናቸው፤ 1.65 ሚሊዮን ዶላር። በጃንዋሪ 2001 ሩዝቬልት በዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት በመግቢያው ላይ ቆመ። ከፍ ያለ መደብ የለውም፤ በዊልቸር የመጣ ጎብኚ አጠገቡ ደርሶ በእጁ ሊነካው ይችላል። ለሩዝቬልት መታሰቢያ ከወጣው ገንዘብ ሁሉ በጥሩ ቦታ የዋለው ይህ ነው እላለሁ።