የቢራ ሌብሎቻችሁን ከካርቶን አውጧቸው

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ። መስኮቱ ጤዛ ይዟል። ጠረጴዛ ላይ አንድ የጫማ ካርቶን ይከፈታል።]

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ የጫማ ካርቶን ውስጥ የዘጠኝ ዓመት የቢራ ሌብል አለ። ዛሬ አብረን እናወጣዋለን።

ብዙ ሰው “ቢራ በጣም ትወጃለሽ ማለት ነው?” ይለኛል። የምወደው ወረቀቷን ነው። እኛ አገር የቢራ ጠርሙስ ተመላሽ ነው። በሳጥን ወደ ፋብሪካ ይመለሳል፣ በትኩስ ውኃና በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ሌብሉ ግን ማጠቢያው ውስጥ ይቀራል። ጠርሙሱ ስንቴ ይመላለሳል፤ ወረቀቷ ያላት አንድ ጉዞ ብቻ ነው። ያን ቀን ካልያዝናት ቀረች።

[ምስል፦ ባልዲ ውስጥ ጠርሙስ። ሌብሉ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል።]

መጀመሪያ ማላቀቁን እንይ። የተመላሽ ጠርሙስ ሌብል ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ኬዚን በሚባል ከወተት በሚገኝ ሙጫ ነው። በረዶ ውስጥ ቢነከር አይለቅም። ሞቅ ያለ ውኃ ከሶዳ ጋር ሲያገኘው ግን እሺ ይላል። ስለዚህ ባልዲ ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ትዕግሥት። በጥፍር አትፋቁ። ኮስቲክ ሶዳውን ለፋብሪካው ተዉት፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በኛ ከተማ ደግሞ ጠዋት ጠርሙሱ ራሱ በረዶ ነው። የፈላ ውኃ ከደፋችሁበት ይሰነጠቃል። ቀስ እያላችሁ አሙቁት።

ሲለቅ ጀርባውን በጣታችሁ አጠቡና የቀረውን ሙጫ አስለቅቁ። በሁለት ነጭ ወረቀት መሃል አድርጉት፤ ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል። ከላይ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ማታ ወረቀቱን ቀይሩ። ብርማ የሚያብረቀርቁት ሌብሎች ሲደርቁ መጠቅለል ይወዳሉ። እነሱን ሦስት አራት ቀን አትንኳቸው።

[ምስል፦ ሁለት ተመሳሳይ ሌብሎች ጎን ለጎን። አንዱ ደማቅ፣ አንዱ የገረጣ።]

አሁን እነዚህን ሁለቱን እዩልኝ። አንድ ቢራ፣ አንድ ዓመት። የግራው መጽሐፍ ውስጥ ነበር። የቀኙ መስኮት ፊት ለፊት ተሰቅሎ ከረመ። ቀዩና ቢጫው ሄዷል፣ የቀረው ሰማያዊው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል። ትጎዳለች። ሌብል መስኮት ፊት አይሰቀልም፣ በቃ።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። የጭቃ ግድግዳ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ያልበዋል። የፍሬሙ ጀርባ ታችኛው ሁለት ጥግ ላይ ትንንሽ እንጨት ለጥፉ። ፍሬሙ ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ይርቃል፣ አየር ይገባል። ሌብሉም መስታወቱን መንካት የለበትም። ፍሬም ቤት ስትሄዱ መሃሉ የተከፈተ ወፍራም ካርቶን በመሃል እንዲያስገቡላችሁ ጠይቁ።

እኔ በዚህ ላይ የከፈልኩት ዋጋ አለ። መጀመሪያ የገዛሁት አልበም ገጹ ራሱ የሚያጣብቅ፣ ከላይ ፕላስቲክ ያለው ነበር። ፎቶ የምናደርግበት ዓይነት። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱን ላነሳ ብል ወረቀቱ ለሁለት ተላጠ። አሥራ አንድ ሌብል እንደዚያ ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ፕላስተርም እንደዚያው ነው፤ ይቢጫል፣ ዘይቱ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ከነጭ ወረቀት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ኪስ አጥፉና አራቱን ጥግ በእሱ ያዙ። ማስቲሹ ኪሱን እንጂ ሌብሉን አይነካም።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ካርታ። ዙሪያውን ሌብሎች። ቀይ ክሮች።]

ወደ ዋናው መጣን። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ካርታ።

ወፍራም ካርቶን ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ሳሉ። ሌብሎቹን ዙሪያውን፣ ጠርዙ ላይ አድርጉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሌብል ቀይ ክር አውጥታችሁ ቢራው ወደሚጠመቅበት ወይም ይጠመቅ ወደነበረበት ከተማ ውሰዱ። ለምን ካርታው ላይ አልለጠፍንም? አንድ ሜትር ስፋት ባለው ካርታ አንድ ሴንቲ ሜትር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ሰበታ ሁለት ሴንቲ አይሞላም። ሌብሉ ራሱ ሰባት ስምንት ሴንቲ ነው። ብትለጥፉት አዲስ አበባንም ሰበታንም አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል።

ክሩን ስትዘረጉ አገሩ መናገር ይጀምራል። ጊዮርጊስ ወደተወለደበት አዲስ አበባ፣ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። ሜታ ወደ ሰበታ። ሐረር ወደ ሐረር። በደሌ ወደ በደሌ። ዋልያ ወደ ቂሊንጦ። ራያ ወደ ማይጨው። ዘቢዳር ወደ ጉብሬ። ስማቸውን እዩት። ቅዱስ፣ ከተማ፣ ተራራ፣ የዱር እንስሳ፣ ሕዝብ። ቢራ ጠማቂዎቻችን ስም ሲፈልጉ ሩቅ አልሄዱም።

ዳሽን ላይ ስትደርሱ ክሩ ሁለት ይሆናል። አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ምክንያቱም ሁለቱም ጋ ፋብሪካ አለው። ሐበሻ ቢራም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፤ ማምረት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ይህች ነጥብ ላይ፣ እዚህ፣ ሁለት ክር ይገናኛል። እስኪ ቀረብ አድርገህ አሳያቸው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት፣ በብርድ ልብሷና በአረቄዋ የምትታወቅ ከተማ ላይ። ይህንን ነጥብ ስሰካ ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

[ምስል፦ ጥቁር ባና በፍሬም ውስጥ፣ መሃሉ ላይ አንድ ሌብል።]

ሌላው የመንዝ ባና ነው። የተቀደደ፣ ያረጀ ባና ቤት አለ አይደል? አትጣሉት። ጥቁሩ ወይም ቡናማው የበግ ፀጉር ደማቅ ሌብልን የሚያወጣውን ያህል ምንም ቀለም አያወጣውም። በፍሬሙ ልክ ቆርጣችሁ ከጀርባ ዘርጉት። ግን ቀድማችሁ በደንብ አራግፉ፣ ፀሐይ አስመቱት። ብል ካለበት ባናውን በልቶ አይቆምም። በሌብሉና በባናው መሃል አንድ ነጭ ወረቀት ይግባ።

ሰፌድም ይሆናል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የእናቶቻችን ስፌት መሃል ላይ ክብ ካርቶን ቁረጡ፣ የጠርሙሱ አንገት ላይ የሚለጠፉትን ትንንሽ ሌብሎች ዙሪያውን ደርድሩ። ስፌቱን አትውጉት፣ ካርቶኑን በክር ከጀርባ እሰሩት። ቆርኪ የምታጠራቅሙ ደግሞ የፍሬሙን ጠርዝ በቆርኪ ክበቡት። አንድ ቆርኪ 21 ጥርስ አለው፤ ልጆቼ ቆጥረው አረጋግጠዋል።

ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫም ያምራል። ለጊዜው ነው፣ ለቋሚነት አይሆንም።

[ምስል፦ ሶፋ ፊት ያለ የመስታወት ጠረጴዛ። ከመስታወቱ ስር ሌብሎች። ሲኒዎች።]

የሳሎን ጠረጴዛ መስታወት ስር የቤተሰብ ፎቶ የምናደርገው እኛው ነን፤ ሌብልም ያምርበታል። እኔ አድርጌው ነበር። እንግዳ ሁሉ አጎንብሶ ያነባል። አንድ ቀን አክስቴ ከመንዝ መጣች። ቡና ቀርቧል። ሲኒዋን ልታስቀምጥ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ከስር ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል።

“ኧረ ልጄ፣ ጻድቁን ሲኒ ስር ታደርጊዋለሽ?”

“እትዬ፣ የቢራ ወረቀት እኮ ነው።”

“ወረቀትስ ቢሆን፣ ሥዕሉ የማን ነው?”

መልስ አልነበረኝም። መስታወቱን አንስቼ ሌብሉን አወጣሁና እሷ እያየችኝ ግድግዳው ላይ፣ ከዓይን ከፍ ብሎ ሰቀልኩት። ከዚያ ቡናዋን ጠጣች። ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ። ሌብል ሥዕል ነው፣ ሥዕል ደግሞ ቦታ አለው። እንግሊዝ አገር በ1876 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተመዘገበው የንግድ ምልክት ባስ የሚባለው ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው። ሰው ሲያየው ያውቀዋል፣ ያስታውሰዋል፣ የራሱ ያደርገዋል። አክስቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

[ምስል፦ እጅ፣ እርሳስ፣ የሌብል ጀርባ።]

ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ነገር። ሌብሉን ገልብጡና ጀርባው ላይ ጻፉ። በእስክሪብቶ አይደለም፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር። አንዲት የግሮሰሪ ባለቤት የሰጠችኝን ሌብል ሁሉ እንዲህ ነው የያዝኩት። ይህችን እዩ፦ “ደብረ ሲና፣ ጥር፣ የታናሽ እህቴ ሠርግ ማግስት። ጣርማበር ላይ ጉም ነበር።”